ሐዘኑ ጫማው ላይ ነው፦ የኮሚክ ሳጥኖች ስሜትን እንዴት ይናገራሉ?

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የኅትመት ቤት አለችኝ። ባነር፣ የሠርግ ካርድ፣ የምርቃት ፎቶ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ፣ የመጣውን ሁሉ እናትማለን። በቀደም አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ፍላሽ ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ይቺን በኤ3 አትምልኝ» አለኝ። ከፈትኩት። ኮሚክ ነው፣ በተከታታይ ሥዕል የሚነገር ታሪክ። ራሱ ስልኩ ላይ በጣቱ የሣለው።

ታሪኩ አንድ ገጽ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ አንዲት ልጅ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በሩ ይንኳኳል። ትከፍታለች። አጎቷና የሀገሯ ሰዎች ቆመዋል። አባቷ አርፈዋል፤ የመጡት ሊያረዷት ነው።

ልጁ ይህን በአራት እኩል ሳጥኖች ሠርቶታል። በመጀመሪያው በሩ ይንኳኳል። በሁለተኛው ልጅቷ ትከፍታለች። በሦስተኛው አጎቷ «አባትሽ አርፈዋል» ይላታል። በአራተኛው ፊቷ ሳጥኑን ሞልቶ፣ እንባዋ እንደ ፏፏቴ እየወረደ፣ «አባዬዬዬ!» እያለች ትጮኻለች። እጁ ጥሩ ነው፣ መሣል ይችላል። እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም። ሞት እያየሁ ስለ ቀለሙ ነበር የማስበው።

ወረፋ የምትጠብቅ አንዲት ሴት ነበረች። የእናቷን የሙት ዓመት ፎቶ ልታሳትም የመጣች ናት። ከትከሻዬ ኋላ ስክሪኑን አየት አደረገችና «እንዲህ አይደለም እኮ» አለች። ልጁ ዞር አለ። «እኔ በሩን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት የአጎቴን ጫማ ነው። ያንን ጫማ ለለቅሶ ካልሆነ አያወጣውም። ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም ሳይለኝ ገብቶኛል።»

ልጁ ፍላሹን ነቅሎ ሳያሳትም ሄደ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያንን ገጽ አምስት ጊዜ እንደ አዲስ ሠርቶታል። እየመጣ ያሳየኛል፣ እንጨቃጨቃለን። የምጽፈውም ከዚያ ጭቅጭቅ የተረፈኝን ነው።

ነገሩ የአንድ ልጅ ጉዳይ ብቻ ቢሆን እዚሁ በተውኩት። ግን ዛሬ ስልክ ያለው ወጣት ሁሉ ሠዓሊ ሊሆን ይችላል። ነፃ የሥዕል አፕ ያወርዳል፣ ይሥላል፣ ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል። መሣሉ የሚከብደው ደግሞ ለኤአይ (ለሰው ሠራሽ አስተውሎት) «የምታለቅስ ሐበሻ ልጅ» ብሎ ያዘዋል። የሚመጣው ሥዕል ያምራል። እንባው እንደ መስታወት ያበራል። ከልጁ አራተኛ ሳጥን ጋር ግን በሽታው አንድ ነው፤ ስሜቱን ሁሉ ፊት ላይ ጭኖታል። እኔ የምለው ደግሞ ኮሚክ ውስጥ ፊት ስሜት ከሚያድርባቸው ቦታዎች አንዱ ብቻ ነው። አንዳንዴም የመጨረሻው።

ከፊት እንጀምር ግን። ፊትን ማነጋገር የሚከብድ አይምሰላችሁ። ሮዶልፍ ቶፕፈር የሚባል የጄኔቫ አስተማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ታሪክን በተከታታይ ሥዕል እየሠራ ያሳተመ፣ ብዙዎች የዘመናዊ ኮሚክ አባት የሚሉት ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 ስለ ፊት አሣሣል አንድ ጽሑፍ አወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የቱንም ያህል በተንጋደደ እጅ ይሣል፣ ፊት የተባለ ነገር ሁሉ አንድ ስሜት ይኖረዋል። ሞክሩት። ወረቀት ላይ ክብ ሥሩ፣ ሁለት ነጥብ፣ አንድ መሥመር። አሁን ሁለት ቅንድብ ጨምሩ። ወደ መሐል ቁልቁል ያዘነበላችሁት እንደሆነ ተቆጣ። ወደ ውጭ ያዘነበላችሁት እንደሆነ ሆድ ባሰው። አፉን አልነካችሁም።

ስለዚህ የፊት ችግር ስሜት አለመናገሩ አይደለም። ቶሎ መናገሩ ነው። ተናግሮ ከጨረሰ አንባቢው ምን ይሠራል? የቤልጂጉ የኮሚክ ሠዓሊ ኤርዤ ቲንቲን የሚባለውን ዝነኛ ገጸ ባሕርዩን የሠራው በሁለት ነጥብ ዐይን ነው። ከጀርባው ያለው መኪናና ሕንፃ በዝርዝር ተሥሎ ሳለ ፊቱ ባዶ ለማለት ትንሽ ነው የሚቀረው። አሜሪካዊው የኮሚክ ሠዓሊ ስኮት ማክላውድ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አስረድቶታል። ፊቱ በዝርዝር ሲሣል የሆነን ሰው እናያለን። ሲቀል ግን ራሳችንን እንከትበታለን። እኔ በዚህ እስማማለሁ። ባዶ ቤት ስታይ ዕቃህን የት እንደምታስቀምጥ ታስባለህ፤ በዕቃ የታጨቀ ቤት ስታይ ግን የምታስበው ስለ ባለቤቱ ነው።

ከመቶ ዓመት በፊት ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለ የሩሲያ የፊልም ሰው የሠራው ሙከራም አለ። ምንም ስሜት የማያሳይ የአንድ ተዋናይ ፊት ወሰደ። አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ከሴት ምስል ጋር ቀጠለው። ተመልካች ራቡን፣ ሐዘኑን፣ ፍላጎቱን «አየ» ይባላል። ፊቱ ግን ያው አንድ ነው። ኮሚክ ሙሉ በሙሉ የሚኖረው በዚህ ተንኮል ነው። ፊቱን የሚያስለቅሰው ጎኑ ያለው ሳጥን ነው።

ወደ ሴትየዋ ጫማ ስንመለስ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ልጁ በሁለተኛው ሙከራው ጫማውን አስገባ። ግን አጎትየውን ከነሙሉ ቁመቱ ሥሎ፣ እግሩ ሥር ጥቁር ጫማ አደረገለት። ማንም አያየውም። «ጫማውን ሥለሃል፣ ግን ልጅቷ አላየችውም» አልኩት። ልዩነቱ ያለው እዚህ ነው። ሳጥን ማለት ዐይን ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው የተሣለው ነገር ብቻ አይደለም፤ ማን እንዳየው፣ ከየት ሆኖ እንዳየው፣ ምን ያህል እንደቀረበውም አለበት።

ሦስተኛው ሙከራ ላይ ሳጥኑን ጫማው ብቻ ሞላው። ከላይ ወደ ታች የታየ። አፈር የነካው፣ ቀለም በችኮላ የተቀባ፣ ማሰሪያው ባንድ በኩል የረዘመ። እዚያ ላይ ልጁን አደነቅሁት። ማሰሪያው የረዘመው አጎትየው በጨለማ ስላሰረው ነው። ይህን ማንም አልነገረውም። የልጅቷ ፊት የለም፣ ግን አንገቷን ደፍታ እንዳለች እናውቃለን፤ ጫማውን ከላይ እያየን ነዋ። ዐይኗን ተውሰናል። የሰውን ዐይን የተዋሰ አንባቢ ደግሞ ሐዘኑንም ሳይወድ በግዱ ይዋሳል።

ከፍታና ዝቅታም እንዲሁ ይሠራሉ። ሰውን ከላይ ስታየው ያንሳል፣ ብቻውን ይሆናል። ከታች ስታየው ይገዝፋል። ከጀርባ ስታየው ደግሞ፣ ለእኔ ይህ ከሁሉ ይበልጣል፣ የተደበቀውን ፊት ራስህ መሥራት ይኖርብሃል። እኛ ደግሞ ፊታችንን ማዞር እናውቅበታለን። እንባዋ ሲመጣ ወደ ጓዳ የምትገባ፣ ጭስ ነው የምትል እናት ያላየ የለም። «ሆድ ይፍጀው» ያልን ሰዎች ነን። አማርኛችን ራሱ ስሜትን ፊት ላይ አያስቀምጥም፤ ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ አንጀት ይላወሳል፣ አንጀት ቅቤ ይጠጣል። አፉን ከፍቶ በሚጮህ ፊት ይህን ሁሉ ለመናገር መሞከር የሰውን ቤት ቁልፍ ይዞ የራስን በር እንደመታገል ነው።

አሁን ወደ ክፍተቱ። በሁለት ሳጥኖች መካከል ያለችውን ነጭ መሥመር ማለቴ ነው። ምንም አልተሣለባትም። ማክላውድ ግን የኮሚክ ጉልበት ያለው እዚያች ነጭ ቦታ ላይ ነው ይላል፤ በአንደኛውና በሁለተኛው ሳጥን መካከል የሆነውን ነገር የሚሠራው አንባቢው ራሱ ነውና። አንድ ሳጥን ላይ የተሰነዘረ መጥረቢያ፣ ቀጣዩ ላይ ከተማው ላይ የሚሰማ ጩኸት ካየህ፣ ገዳዩ አንተ ነህ። ሠዓሊው መጥረቢያው ሲያርፍ አልሣለም።

በልጁ ገጽ ላይ ጫማው በአንድ ሳጥን፣ የተዘቀዘቀ ነጠላ በሚቀጥለው ሳጥን አለ። ነጠላ ተዘቅዝቆ ከተለበሰ ለቅሶ እንደሆነ እዚህ ሀገር ያደገ ሁሉ ያውቃል። በመሐል ያለችው ነጭ መሥመር ላይ ልጅቷ አባቷን አጣች። የትኛውም ሳጥን ውስጥ አልሞቱም። የሞቱት ክፍተቱ ላይ ነው።

የሳጥኑ መጠንም ጊዜ ነው። ይህን ለማስረዳት በርናርድ ክሪግስታይን የሚባለውን አሜሪካዊ ማንሳት ግድ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1955 ስድስት ገጽ የሚሆን ታሪክ ሰጡት። ባቡር ጣቢያ ውስጥ አንድ የቀድሞ የናዚ ካምፕ አዛዥ ከካምፑ ተርፎ ከወጣ ሰው ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ክሪግስታይን ቦታው አይበቃኝም ብሎ ተከራከረ፣ ስምንት ገጽ ተፈቀደለት። ያገኘውን ቦታ ግን ትልልቅ ሥዕል አልሣለበትም። ይልቁንም ሰከንዶችን እንደ ሽንኩርት ከተፋቸው። ቀጫጭን፣ ረዣዥም፣ የተደረደሩ ሳጥኖች። ሰውየው ሲንሸራተት በአንዱ፣ ሲያጋድል በሌላው፣ ሲወድቅ በሌላው። ዐይንህ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ትንፋሽህ ይቆራረጣል።

የልጁ አራት እኩል ሳጥኖች ያጡት ይህንን ነው። እኩል ሳጥን እኩል ጊዜ ነው። በር ማንኳኳትና አባት ማጣት እኩል ጊዜ ሊወስዱ አይችሉም። በአራተኛው ሙከራው በሩ የተንኳኳበት ሳጥን ጠባብ ሆነ። የጫማው ሳጥን የገጹን ወርድ በሙሉ ያዘ። ሰፊ ሳጥን ዐይንን ያቆያል፣ በተለይ ውስጡ ያለው ነገር ትንሽ ከሆነ። ብዙ ባዶ ወለል፣ ጥግ ላይ አንድ ጥንድ ጫማ።

ጃፓኖች እዚህ ላይ ሌላም ነገር ያውቁበታል። ታሪኩን አቁመው ዙሪያውን ያሳያሉ። አንድ ሳጥን የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ አንድ ሳጥን መስኮት፣ አንድ ሳጥን ቅጠል። ምንም አይከሰትም። ጊዜው ቆሟል፣ ስሜቱ ብቻ ይዞራል። ልጁ ይህን ስለሚወድ ወዲያው የቼሪ አበባ ሣለ። ሐዋሳ ላይ! «ከሌሊቱ 11 ሰዓት ምን ይታይሃል?» አልኩት። ቆርቆሮ ጣራ ላይ የቆመ አባ ኮዳ። ምስማር ላይ የተሰቀለ የፋብሪካ ዩኒፎርም። ቢጫ ጄሪካን። ወለል ላይ የተነጠፈ ፍራሽ፣ ከብርድ ልብስ የወጣ የጓደኛዋ እግር። ዩኒፎርሙን መረጠ። ዛሬ አይለበስም ብሎ ነው። እኔ አባ ኮዳውን ነበር የምመርጠው፤ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ሲጠብቅ ስታየው ካፖርት ለብሶ ለቅሶ የመጣ ሽማግሌ ነው የሚመስለው። ግን የእሱ ይሻላል።

በነገራችን ላይ ታሪክን በሳጥን መናገር ለእኛ ባዕድ አይደለም። ንግሥተ ሳባ ወደ ሰሎሞን ስትሄድ የሚያሳየውን የጨርቅ ሥዕል አስታውሱ። አብዛኛውን ጊዜ 44 ሳጥን አለው፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል፣ ከሥሩ ጽሑፍ አለው። ያለ ፊኛ፣ ማለትም ንግግር ከሚጻፍበት ክብ ውጭ፣ ኮሚክ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችንም የራሱ ሕግ አለው። ጻድቅ በሁለት ዐይኑ ፊት ለፊት ያየናል። ክፉ ሰው በጎን ይሣላል፣ አንድ ዐይኑ ብቻ ይታያል። ስቅለቱ ላይ ደግሞ እመቤታችን እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ቆማለች። ፊቷ እምብዛም አይኮማተርም። ሐዘኑን የያዘው እጇ ነው። ጃፓናዊው ኦሳሙ ቴዙካ (እ.ኤ.አ. 1928–1989) ለማንጋ፣ ለጃፓን ኮሚክ፣ ትልልቅ ዐይን ያለማመደ ነው ይባላል። የእኛ ሠዓሊዎች ትልልቅ ዐይን ሲሥሉ ግን ብዙ መቶ ዓመት ሆኗቸዋል። ልጁ ይህን ስነግረው ሳቀ። በማግስቱ ግን ገብርኤል ሄዶ ግድግዳውን ሲያይ እንደዋለ ነገረኝ።

ምልክቶች ላይ ግን አልተስማማንም ነበር። ሞርት ዎከር የተባለ አሜሪካዊ ካርቱኒስት እ.ኤ.አ. በ1980 የኮሚክ ምልክቶችን ሰብስቦ ለእያንዳንዳቸው የቀልድ ስም አወጣላቸው። ከጭንቅላት የሚረጩ የላብ ጠብታዎች፣ ከሯጭ ኋላ የምትቀር የአቧራ ደመና፣ በስድብ ቦታ የሚገቡ ዝብርቅርቅ ምልክቶች። ማንጋም የራሱ አለው፤ ግንባር ላይ የተጋደመ የንዴት ሥር፣ ጎን ላይ የተንጠለጠለ አንድ ትልቅ የላብ ጠብታ። አኒሜ፣ የጃፓን ካርቱን ፊልም፣ እያየ ያደገ ልጅ እነዚህን እንደ ፊደል ያነባቸዋል። ልጁ አጎትየው ግንባር ላይ ያቺን ጠብታ አደረጋት፣ ሲጨነቅ። ለእናቴ አሳየኋት። «ምነው፣ ሞቆት ነው?» አለች።

ምልክት የሚሠራው ለሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። የእኛ የምናውቃቸው የትኞቹ ናቸው? አናት ላይ የተጫኑ ሁለት እጆች። የተነከሰ ጣት። አንገቱን ደፍቶ በእግሩ ጣት መሬት የሚጭር ያፈረ ልጅ። ትከሻ ለትከሻ የሚሳሳሙ ሰዎች፤ ስንት ጊዜ እንደተሳሳሙ ናፍቆቱን ይናገራል። ነጠላውን አፉ ላይ የያዘ ሰው። ከእነዚህ አንዱንም ሲጠቀሙበት ብዙም አላየሁም። ጠብታ ግን በየገጹ አለ።

ስለ ቀለምና መሥመር ብዙ አልልም። የተንቀጠቀጠ መሥመር ይጨንቃል፣ ለስላሳ መሥመር ያረጋጋል፣ ጥቁር የበዛበት ሳጥን ይከብዳል። ይህ ሁሉ ትክክል ነው፣ ግን ማንም ሁለት ገጽ ከሣለ ይደርስበታል። ከዚያ ይልቅ ፊደላችን ላይ ልቆይ። እዚህ ላይ የሚጽፍልን ሰው የለም።

ፊደል ትልቅና ትንሽ ሆሄ የለውም። እንግሊዝኛ ኮሚክ ለጩኸት ወፈር ያለ ፊደል ያስገባል፣ ልጆቻችንም ፎንቱን ብቻ አወፍረው ይተዉታል። የሲዳምኛው በላቲን ስለሚጻፍ በትልቅ ሆሄ መጮህ ይችላል፤ እዚሁ ከተማ ውስጥ ሁለት ጎረቤት ቋንቋዎች በሁለት መንገድ ይጮኻሉ ማለት ነው። ለአማርኛው የእጅ ጽሑፍ ይሻለዋል። «አባዬ» ሲጎተት የመጨረሻዋ «ዬ» ራሷ መዘርጋት፣ መጠማዘዝ፣ ከፊኛው መውጣት ትችላለች። ልጁ «አባዬዬዬ» ብሎ ሦስት ጊዜ ከሚደግማት አንዷን ዬ እስከ ገጹ ጠርዝ ቢያስረዝማት ይበልጥ ትሰማ ነበር።

ድምፅም አለ። ጃፓንኛ ለዝምታ ሳይቀር ቃል አለው፤ «ሺይን» ብለው ባዶው ቦታ ላይ ይጽፉታል። ልጁ ይህን ከጃፓን ሊያመጣው ነበር። እኛ እኮ «ጭር» አለን! ጭር አለ፣ ጸጥ አለ፣ ክው አለ፣ ድርቅ አለ፣ ፍጥጥ አለ፣ ቁጭ አለ። እነዚህ ቃላት ግማሽ ሥዕል ናቸው። «ክው» የምትለዋን ብቻ በትንንሽ ፊደል፣ በሰፊ ነጭ ቦታ መሐል አስቀምጣት። ሰው ደርቆ ሲቀር ይሰማል። የተርጓሚ ልማድ ሆኖ ግን በየቦታው «ባንግ»፣ «ቡም» እናነባለን። በር እዚህ ሀገር «ቡም» አይልም። «ጓ» ነው የሚለው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ግሥ ነው። አማርኛ ግሡን የሚያመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያች ቃል ድረስ አረፍተ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አታውቅም። «አባትሽ ትናንት ማታ» ካልክ በኋላ ደወሉ ሊሆን ይችላል፣ መጡ ሊሆን ይችላል፣ ተሻላቸው ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ፊኛውን ቁረጠው። ግሡን ወደሚቀጥለው ሳጥን አሻግረው። በመሐል ያለችው ነጭ ክፍተት አንባቢውን አንገቱን ይዛ ታቆየዋለች። በእንግሊዝኛ ሞቱ ቀድሞ ይመጣል፣ «ትናንት ማታ» ይከተለዋል። ሰዋስዋችን ለኮሚክ የተሠራ ይመስል፣ እኛ ግን ሙሉውን አረፍተ ነገር አንድ ፊኛ ውስጥ እናጭቀዋለን።

ስልክ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይዞ መጥቷል፣ ሌላ ዕድልም። በወረቀት ላይ ገጹ ሁሉ አንድ ጊዜ ይታያል። ልጁ በኤ3 ያሳተመው ቢሆን ኖሮ፣ ያ የሚያለቅስ ትልቅ ፊት ከበሩ መንኳኳት በፊት ዐይን ውስጥ ይገባ ነበር። ታሪኩ ከመጀመሩ አልቋል። ለዚህ ነው የወረቀት ኮሚክ ሠዓሊዎች ድንጋጤን ገጽ ሲገለጥ በሚታይ ቦታ የሚደብቁት። ኮሪያውያን ግን ዌብቱን የሚሉትን ለስክሪን አመጡ፤ ናቨር የተባለው ኩባንያ የራሱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ገጽ የለም። ከላይ ወደ ታች በጣት ይሳባል። እዚያ ላይ በሳጥኖች መካከል ያለው ነጭ ቦታ የፈለግኸውን ያህል ሊረዝም ይችላል፣ ርዝመቱም ቀጥታ ጊዜ ይሆናል። አንድ ስክሪን ሙሉ ባዶ ነጭ ስትስብ ሆድህ ውስጥ የሆነ ነገር ይወርዳል።

ልጁ ለስልክ የሠራት አምስተኛዋ እንዲህ ናት። ጥቁር ስክሪን፣ ጥግ ላይ «ኳ። ኳ።»። ብዙ ጥቁር። ቀጭን የብርሃን መሥመር፣ በሩ ገርበብ ሲል። ከዚያ ጫማው። ከዚያ ነጭ፣ ረዥም። ነጠላው። የተሰቀለው ዩኒፎርም። ከዚያ ልጅቷ ከጀርባ፣ እጇ የበሩ እጀታ ላይ እንዳለ። «አባባ ናቸው?» ትላለች። ፊቷ አንድም ቦታ የለም።

ኤአይውንም ሞከርነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔ ነኝ ግድ ያልኩት። ጫማ አዘዝን፣ ቆንጆ ጫማ ሠራ፣ ከሱቅ የወጣ። ማሰሪያው እኩል ነው። በጨለማ ያሰረው ሰው የለም። ቀጣዩ ሳጥን ላይ ደግሞ አጎትየው ሌላ ሰው ሆነው መጡ። ይህ ችግር ነገ ሊስተካከል ይችላል፣ በየወሩ እየተሻሻለ ነው። ማሰሪያው ባንድ በኩል መርዘም እንዳለበት ግን የሚያዘው ሰው ማወቅ አለበት። ወደዚያ የመራችን ፎቶ ልታሳትም የመጣች ሴት ናት፣ እሷም ስለ ማሰሪያ አንድም ቃል አልተናገረችም።

አሁን የቀረን ጠብ አንድ ነው። ልጅቷ «አባባ ናቸው?» ስትል አጎትየው ምን ይመልስ? ልጁ በመጀመሪያ «አዎ» ብሎ ነበር። ይህ ውሸት ነው። እንዲህ ባለ ሰዓት «አዎ» የሚል ሰው የለም። ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል፣ ያቺን አጭር፣ ድምፅ የማትመስል «እህ»። ውጭ ሀገር ሰው ሲሰማት ደንግጠን ይመስለዋል፤ ለእኛ ግን «አዎ» ናት፣ እዚህ ጋ ደግሞ ከ«አዎ» በላይ።

ግን እንዴት ትሣላለች? ፊኛ ከአፍ ይወጣል። ይህቺ ወደ አፍ ነው የምትገባው። ልጁ የፊኛውን ጭራ ገልብጦ፣ ፊኛው ራሱ ወደ አጎትየው አፍ ሲሳብ፣ ሲጨማደድ አድርጎ ሠራው። ውስጡ ምንም አልጻፈም። እኔ ሰው አይገባውም አልኩ፤ ቢያንስ «እህ» ብለህ በትንሹ ጻፍባት። እሱ ደግሞ ከተጻፈች ትወጣለች ይላል። ሴትየዋ ፎቶዋን ልትወስድ ትናንት መጥታ ነበር። ሁለቱንም አሳየናት። ረዘም ላለ ጊዜ አየችና፣ አንዱንም ሳትመርጥ፣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች።